ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ፦ ከውህደት በኋላ የመጣው የዕዳ ጫና

ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ የአሜሪካ የመገናኛ ብዙኃንና የመዝናኛ ኩባንያ ነው። የተመሠረተው ኤፕሪል 8 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ዋርነር ሚዲያና ዲስከቨሪ ሲዋሃዱ ነው። ሲኤንኤን፣ ኤችቢኦ፣ የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮና የዲስከቨሪ ጣቢያዎች ያን ጊዜ አንድ ላይ ሆኑ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በ2018 ታይም ዋርነርን (በኋላ ዋርነር ሚዲያ የተባለውን) በ85 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ግን ከዲስከቨሪ ጋር ሊያዋህደው ተስማማ። ሲወጣ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀበለ። ገንዘቡ የመጣው ከብድር ነው፤ ብድሩም የተጫነው በአዲሱ ኩባንያ ላይ ነው። እናም ድርጅቱ ሀ ብሎ ሥራ የጀመረው 55 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው።

ዋና ሥራ አስፈፃሚው ዴቪድ ዛስላቭ ለባለአክሲዮኖች ቢያንስ 3 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚቀንሱ ቃል ገብተው ነበር። መቀስ ወዲያው ወጣ። ሲኤንኤን ፕላስ የተባለው አገልግሎት በተጀመረ በአንድ ወሩ ተዘጋ። ብዙ ሠራተኞች ተቀነሱ። የተሠሩ ፕሮግራሞች ኤችቢኦ ማክስ ከተባለው የኩባንያው ስትሪሚንግ (በኢንተርኔት የሚታይ) አገልግሎት ላይ ተነሱ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የ«ባትገርል» ፊልም ነገር ነው። 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ቀረጻው ግላስጎው ከተማ ውስጥ አልቆ ፊልሙ ኤዲቲንግ ላይ ነበር። ኦገስት 2022 ላይ ኩባንያው ጭራሽ እንደማይለቀው አስታወቀ። ወጪውን እንደ ኪሳራ መዝግቦ ከታክስ ማስቀነስ ይሻላል ተባለ። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ በኋላ እንደተናገረው፣ ያነሱትን በስልክ ቀርጸው ለማስቀረት ሰርቨሩ ላይ ሲገቡ ሁሉም ነገር ተነስቶ ነበር። ስንት ሰው የለፋበት ሥራ አንድም ተመልካች ሳያየው ቀረ። ይህ በደል ነው እላለሁ።

ዕዳው የሚከፈለው በዋናነት ከኬብል ቴሌቪዥን በሚገኝ ገቢ ነበር። አሜሪካውያን ግን ኬብላቸውን እያቋረጡ ወደ ስትሪሚንግ ሄዱ፤ ማስታወቂያውም ተከተላቸው። ወለድ ደግሞ ገቢ ቀነሰ ብሎ አይቀንስም።

ሂሳቡን ላየው ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኩባንያው በ2023 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ግን ወጪውን ሸፍኖ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጥሬ ገንዘብ ተርፎታል። ኪሳራው በአብዛኛው ቀደም ሲል የወጣ ገንዘብ ነው፤ ማለትም የተገዛው ንብረት በየዓመቱ ከመዝገብ ላይ ሲቀነስ የሚታይ ነው። እውነተኛው ብር ግን በአብዛኛው ወደ አበዳሪዎች ይሄድ ነበር። በዚህ መንገድ ዕዳው በ2024 መጨረሻ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ወርዷል፤ ቀላል ሥራ አይደለም።

2024 ክፉ ዓመት ነበር። የኩባንያው ጣቢያ ቲኤንቲ ለአሥርተ ዓመታት ይዞት የነበረውን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታዎች የማስተላለፍ መብት በኤንቢሲና በአማዞን ተነጠቀ። ኦገስት ላይ ኩባንያው የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን ዋጋ በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ አደረገ። ሲዋሃዱ 24 ዶላር አካባቢ የነበረው አክሲዮን ከ8 ዶላር በታች ወረደ።

ጁን 2025 ላይ ለሁለት የመከፈል ዕቅድ ወጣ። ስቱዲዮውና ስትሪሚንጉ በአንድ ወገን፣ ሲኤንኤንና ሌሎቹ ጣቢያዎች በሌላ ወገን። በዕቅዱ መሠረት አብዛኛውን ዕዳ የሚሸከመው ገቢው እየቀነሰ የነበረው የጣቢያዎቹ ወገን ነበር።