ከአፉ ውሃ የሚተፋው ማማ፦ የቺካጎው ክራውን ፋውንቴን

ፋውንቴን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን ዙሪያው የታጠረ፣ መሐሉ ላይ ውሃ ወደ ላይ የሚወረወርበት፣ ዳሩ ላይ ቆመን ፎቶ የምንነሳበት ነገር ነው። ልጅ እጁን ከነከረ «ተው!» ይባላል። ቺካጎ፣ ሚሊኒየም ፓርክ ውስጥ ያለው ክራውን ፋውንቴን ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በበጋ ቀን እዚያ ደርሶ ሳይበሰብስ የሚመለስ ልጅ ካለ እሱ ነው የሚገርመው።

ሁለት ማማዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ይረዝማሉ፣ የተሠሩትም ከመስታወት ጡብ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የኤልኢዲ ስክሪን አለ። ስክሪኑን የሚሞላው አንድ ትልቅ የሰው ፊት ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ 70 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በጥቁር ግራናይት የተነጠፈ ገንዳ አለ፤ ገንዳ ልበለው እንጂ የውሃው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጫማ እንኳን በደንብ አይሸፍንም።

የነደፈው ስፔናዊው ቀራጺ ዣውሜ ፕሌንሳ ነው። ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፣ ትልቁን ድርሻ የሰጡትም ስሙን ያገኘበት የክራውን ቤተሰብና የጉድማን ቤተሰብ ናቸው። የተከፈተው ከፓርኩ ጋር በሐምሌ 2004 እ.ኤ.አ. ነው። ፓርኩ ለ2000 ይደርሳል ተብሎ አራት ዓመት ነው የዘገየው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ ሚሊኒየሙን ሦስት ዓመት ቀድመውት ነበር።

ፊቶቹ የዝነኛ ሰዎች አይደሉም። 1,000 ያህል ተራ የቺካጎ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከተለያየ ሰፈርና ዘር፣ ወጣትም ሽማግሌም። በከተማው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየተቀረጹ ተሰበሰቡ። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ማማው ላይ አንድ ቦታ ነው፣ የሰው አፍ ደግሞ እንደ ሰዉ ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል አፉ ልክ ቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ በኮምፒውተር ተስተካክሏል። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። የድሮ የአውሮፓ ፋውንቴኖች ውሃቸውን የሚተፉት ከድንጋይ አንበሳና ከጭራቅ አፍ ነበር፣ ፕሌንሳ የጭራቁን ቦታ ለጎረቤት ሰጠው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ሰው ለምን እዚያ እንደሚሰበሰብ። በኔ ግምት ትልቁ ምክንያት ውበቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። አንዱ ፊት አራት ደቂቃ ያህል ቁልቁል ያያችኋል። ዓይኑን ያርገበግባል፣ በዝግታ ፈገግ ይላል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ከዚያ ከንፈሩን ያሾላል። ይህን ጊዜ ልጆቹ «አሁን! አሁን!» እያሉ ከሥሩ ይጎርፋሉ፣ ወላጆች ስልካቸውን ያወጣሉ፣ በመንገድ የሚያልፈውም ይቆማል፣ እና ውሃው ከአፉ ሲፈነዳ አጠገባችሁ ያለውን የማታውቁትን ሰው ዞር ብላችሁ እያያችሁ ትስቃላችሁ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የተረጨ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። አብሮ የረጠበ ሰው ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ባዳ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ዳር የሌለው መሆኑ ነው። ከፍ ያለ ጠርዝ ካለ ሰው ተመልካችና ውሃው ውስጥ የሚገባ ተብሎ ይከፈላል። እዚህ ግን ከደረቁ ወደ እርጥቡ የምታልፉት ሳታውቁት ነው። የቦርዶው የውሃ መስታወትም፣ ፈረንሳይ ውስጥ በ2006 የተሠራው፣ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ 3,450 ካሬ ሜትር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተኛል፣ ቆይቶ ይጠፋና ጭጋግ ይነሳል። ለንደን ግራነሪ አደባባይ ላይ ደግሞ 1,080 የውሃ መርጫዎች በቀጥታ ከንጣፉ ይወጣሉ። ሲዘጉ ባዶ አደባባይ ነው፣ ገበያም ሊቆምበት ይችላል። አዲስ አበባ ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ያለው በሙዚቃ የሚጨፍር ፋውንቴን ከእነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያምራል፣ ግን ከሩቅ የሚታይ ነው።

ሰው የሚገባበት ውሃ ግን ጣጣ አለው። ብዙውን ጊዜ ውሃው ከሥር ታንክ ተመልሶ ስለሚዞር፣ አንድ የታመመ ሕፃን የተወው ነገር ለሁሉም ይደርሳል። በ2005 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሴኔካ ሐይቅ ፓርክ፣ በአንድ የውሃ መጫወቻ ምክንያት ሺዎች ተቅማጥ ያዛቸው። ጥፋተኛው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ነበር፣ ክሎሪንን የሚቋቋም። ከዚያ ወዲህ ግዛቱ እንዲህ ላሉ መጫወቻዎች ውሃውን በአልትራቫዮሌት ጨረር ማከምን ግዴታ አደረገ። ወለሉም የማያንሸራትት መሆን አለበት። ከፍ ብሎ የሚወጣ ውሃ ካለ ደግሞ ነፋስ ሲበረታ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ይገጠማል፣ ያለዚያ መንገደኛው ሁሉ ሳይወድ ይታጠባል።

ክራውን ፋውንቴንም የራሱ ጭቅጭቅ ነበረው። በ2006 ማማዎቹ አናት ላይ የደኅንነት ካሜራዎች ተተከሉ። ሕዝቡ ተቆጣ። ፊቶቹ እኛን የሚያዩት ለጨዋታ መስሎን ነበር፣ ለካ ከላያቸው በእውነት የሚያይ አለ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራዎቹ ወረዱ።

መግቢያ ነፃ ነው፣ ቦታውም ሚሺጋን ጎዳና ዳር ነው። ውሃው የሚለቀቀው በሞቃቱ ወራት፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አካባቢ ነው፤ በብርዱ ወራት የሚቀሩት ፊቶቹ ብቻ ናቸው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቅያሪ ልብስ አትርሱ። ለራሳችሁም ጭምር።