ዴንግ ዪንግቻኦ እና የ1950ው የቻይና የጋብቻ ሕግ

ዴንግ ዪንግቻኦ ከቻይና ውጭ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤታቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ጋር ነው። ይህ ግን በራሳቸው የሠሩትን ይሸፍናል።

እ.ኤ.አ. በ1904 በናንኒንግ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው፤ በሕክምናና በመምህርነት እየሠሩ። በ1919 የተማሪዎች ንቅናቄ ሲነሣ በቲያንጂን የሴት መምህራን ማሠልጠኛ ይማሩ ነበር። ቹን ባገኙበት ማኅበር አባላቱ ዕጣ እያወጡ በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ ለእሳቸው 1፣ ለቹ 5 ደረሰ። በ1925 ኮሚኒስት ፓርቲውን ተቀላቀሉ፣ በዚያው ዓመትም ጓንግዡ ውስጥ ተጋቡ። በ1927 አስቸጋሪ ምጥ ሕፃኑን አሳጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልወለዱም። በረጅሙ ጉዞ፣ ማለትም የኮሚኒስቱ ጦር በ1934 እና 1935 ከከበባ ለማምለጥ ባደረገው ረጅም ማፈግፈግ፣ ከማዕከላዊው ጦር ጋር ከተጓዙት 30 ገደማ ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ ስለያዛቸው ብዙውን መንገድ በቃሬዛ ሄዱ።

ዋናው አሻራቸው የጋብቻ ሕጉ ነው። ረቂቁ በ1948 መገባደጃ የፓርቲው አመራር ሰፍሮባት በነበረችው በሺባይፖ መንደር ሲጀመር አርቃቂዎቹን ሴቶች የመሩት እሳቸው ነበሩ። ያከራከራቸው አንድ ነጥብ ነው፦ አንደኛው ወገን ብቻ ፍቺ አጥብቆ ቢጠይቅ ይፈቀድለት? ብዙዎቹ ፈሩ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ድል አድርገው ከተማ የሚገቡ የፓርቲ ካድሬዎች የገጠር ሚስቶቻቸውን ይጥላሉ ብለው። ዴንግ ግን በግድ ተድረው መውጫ ያጡት ሴቶች እጅግ ይበዛሉ ብለው ጸኑ፤ አንቀጹም ገባ።

ሕጉ 8 ምዕራፍና 27 አንቀጽ ይዞ ከሜይ 1 ቀን 1950 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለጋብቻ ወንዱ 20፣ ሴቷ 18 ዓመት ይሞላቸው ዘንድ አዘዘ። ቅምጥ መያዝን፣ ሕፃን ማጨትንና በጋብቻ ሰበብ ገንዘብ መጠየቅን ከለከለ። ሁለቱም በፍቺ ከተስማሙ ወረዳው ይመዘግባል፤ አንዱ ብቻ ከፈለገ ወረዳው ያስታርቃል፣ ዕርቁ ካልሰመረ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባል ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ፍቺ መጠየቅ አይችልም። በአገልግሎት ላይ ያለና ከቤተሰቡ ጋር የሚጻጻፍ ወታደር ሚስት ግን ያለ ባሏ ፈቃድ አትፈታም፤ ለሴቶች በወጣ ሕግ ውስጥ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነበር።

አፈጻጸሙ ላይ ነገሩ ከረረ። ገበሬው ለሙሽራ ያወጣው ገንዘብ ከሚስቱ ጋር ሊወጣበት ሆነ፤ አማቾች ተቆጡ፤ የመንደር ካድሬዎችም ራሳቸው ባሎች ስለሆኑ ማመልከቻውን ያግዱ ነበር። ፍቺ ጠይቀው የተገደሉና ራሳቸውን ያጠፉ ሴቶች በአሥር ሺዎች ተቆጠሩ። መንግሥት ማርች 1953ን ሕጉ በዘመቻ የሚነገርበት ወር አደረገው፤ በዚያ ዓመት ፍቺው ከ1 ሚሊዮን አለፈ።

ዴንግ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ፣ በ1978፣ የፖሊት ቢሮ አባል ሆኑ፤ ከ1983 እስከ 1988 የአገሪቱን አማካሪ አካል፣ የፖለቲካ ምክክር ጉባኤውን፣ በሊቀመንበርነት መርተው በ1992 አረፉ። ሕጉ ግን ቀድሟቸው በ1980 በወጣ ሌላ ሕግ ተተክቶ ነበር፤ የጋብቻው ዕድሜ ወደ 22 እና 20 ከፍ ሲል፣ ባንዱ ወገን ጥያቄ መፋታት ግን አልተነካም።