ፕሮቲን ተሰባሰበ ማለት ሕዋሱ ታመመ ማለት አይደለም

ስለ ፕሮቲኖች መሰባሰብ በክፍል ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር «ታዲያ ይህ አልዛይመር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይደለም። በአልዛይመር ሕመም አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ቅርጹን የሳተና በቀላሉ የማይፈርስ ሲሆን፣ እዚህ የምናወራው ግን ጤነኛ ሕዋስ ፊቱንና ኋላውን ለመለየት በጊዜው ስለሚሰበስበውና ሥራው ሲያልቅ ስለሚበትነው ፕሮቲን ነው።

ሲ ኤሌጋንስ የተባለችውን ትል እንውሰድ። የዳበረው እንቁላሏ ርዝመቱ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከወንዴው ዘር ጋር የገባው ሴንትሮሶም (የሕዋሱን የውስጥ ክሮች የሚያደራጅ አካል) ወደ ሽፋኑ ሲጠጋ፣ በዚያ ጫፍ፣ ማለትም ኋላ በሚሆነው በኩል፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው የአክቲንና የማዮሲን (አብረው የሚኮማተሩ ፕሮቲኖች) መረብ ይላላል፤ በሌላው ወገን ያለው መኮማተሩን ስለሚቀጥል መረቡ ወደ ፊት ይሳባል። ከሚሰባሰቡት ፕሮቲኖች አንዱ ፓር-3 ነው፤ ነጠላ ሞለኪውሉ በዚህ ፍሰት ብዙም አይጓዝም፤ ታክሲ ላይ ወጥቶ ወዲያው እንደሚወርድ ሰው ከሽፋኑ ቶሎ ይላቀቃልና። የተሰባሰበው ግን ሽፋኑን በብዙ ቦታ ስለሚይዝ ይቆያል፣ ከፍሰቱም ጋር ይሄዳል። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በተቀረጸ ፊልም ላይ ነጠብጣቦቹ ወደ ፊት ሲንሸራተቱ በግልጽ ይታያል። ፓር-3 እርስ በርሱ የሚያያዝበት ክፍል ሲወገድ ደግሞ ሕዋሱ ፊትና ኋላውን በወጉ መለየት ያቅተዋል። ይህን አይቶ አሁንም ስብስቡን «ቆሻሻ» የሚል ሰው ፊልሙን በደንብ አላየውም። ስብስቡም እንደፈለገ አያድግም፤ ፒኤልኬ-1 የተባለ ኤንዛይም የፓር-3ን መያያዝ ይገታል።

«እንዲህ ያለው ነገር የትል ብቻ ነው» ለሚሉ፦ የፓር-3 አቻ በፍሬ ዝንብ ባዙካ ይባላል፤ እኛም አለን።

«ስብስቡ ብቻውን ሁሉን ይሠራል» የሚለው ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ነው። ፓር-3 አጋሮቹን፣ ፓር-6 የተባለውን ፕሮቲንና ፒኬሲ-3 የተባለውን ኤንዛይም፣ ይዞ ወደ ፊት ያደርሳቸዋል እንጂ፣ ፒኬሲ-3 በስብስቡ ውስጥ ሳለ እምብዛም አይሠራም፤ የሚነቃው ሲዲሲ-42 ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ነው። ከነቃ በኋላ የኋላውን ወገን ፕሮቲኖች፣ ፓር-1ንና ፓር-2ን፣ ከፊተኛው ሽፋን ያባርራል፣ ፓር-1 ደግሞ በበኩሉ ፓር-3ን ከኋላ ያርቃል። ተማሪዎቼን የምመክረው እንቁላሉን ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀብተው እንዳያቆሙ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ የሚያሳዩ ቀስቶች እንዲጨምሩ ነው፤ ፍሰቱ ካቆመ በኋላ፣ ሕዋሱ ኤቢ ወደተባለው ትልቅ ሕዋስና ፒ1 ወደተባለው ትንሽ ሕዋስ እስኪከፈል ድረስ ድንበሩን የሚጠብቀው ይኸው መገፋፋት ነውና።