የአቅርቦት መስመር ምንድን ነው?

«መንገዱ ተቆርጧል፤ ጦሩ አለቀለት።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ካርታ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ ይህን ሲል ሰማሁ። ስንት ሰው ሲለው እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርስም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንገድ ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

የአቅርቦት መስመር ማለት አስፋልቱ አይደለም። በቀን ስንት ቶን ነዳጅ፣ ጥይት፣ ዱቄትና ውሃ ግንባር ይደርሳል? ነገሩ ይሄ ነው።

ከመንዝ ገብስ ጭና ገበያ የምትወርድ አህያ አስቡ። መንገድ ላይ መኖ ትፈልጋለች። ነጂዋም ይበላል። ሲመለሱም ሁለቱም ይበላሉ። ገበያው የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ብዙው ይደርሳል። አሥር ቀን ቢርቅና በመንገዱ ሣር ቢጠፋ ግን ጭነቱን ራሳቸው ይጨርሱታል። ማንም መንገድ አልዘጋባቸውም፤ ገበያው ግን ገብስ አላየም። አህያ ብንጨምርስ? በላተኛም ጨመርን። ነዳጅ የጫነ ቦቴም እንደዚሁ ነው።

ደግሞ ዳገቱ አለ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የተጫነ መኪና እዚያ የሚጠጣው ሜዳ ላይ ከሚጠጣው ጋር አይገናኝም። ክረምት ላይ ቱቦውና ቦዩ ከተደፈነ ደግሞ ቦምብ ሳይወድቅበት መንገዱ በጎርፍ ተጠርጎ ይሄዳል። ካርታው ይህን አያሳይም።

መቆረጡስ ቢሆን? ሚያዝያ 1928 የወራሪው ኢጣሊያ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ መኪና ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣርማበር ላይ መንገዱ በፈንጂ ተንዶ ጠበቀው። ተቆረጠ ማለት ይሄ ነው። ጥገናው ሁለት ቀን ያህል ፈጀበት። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። «ተቆረጠ» የሚለን ሰው በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ ግንባር ያለው ክምችትም ስንት ቀን እንደሚያቆይ አብሮ ይንገረን።

ተቃራኒውም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ኃይሎች ቤልጂየም ያለውን የአንትወርፕን ወደብ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1944 ሳይፈርስ ያዙት። ካርታ ላይ ቢሆን ጉዳዩ አበቃ ይባላል። ወደ ባሕር የሚያወጣው የሼልት ወንዝ አፍ ግን በጀርመኖች እጅ ነበር፤ ውኃውም ፈንጂ ነበረበት። የመጀመሪያው የመርከብ ጓድ የገባው ኖቬምበር 28 ነው። እስከዚያ ድረስ የጭነት መኪኖች ከኖርማንዲ ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ፤ አህያዋም ገብሱን ትበላ ነበር።