ኧረ ሮዝ አልሞተችም!

ባለፈው እሁድ ደመናው ጦሳን ሸፍኖት፣ ዝናቡም አላስወጣ ብሎን ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተቀመጥን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ቡና እየተፈላ ከፍላሽ ላይ «ዶክተር ሁ»ን ከፈትን። በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ «ዶክተሩ» ስለሚባል ሰው የሚተርክ የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ሮዝ ደግሞ አብራው የምትጓዘው ልጅ ናት። ያየነው ከአዲሱ ድራማ የሁለተኛውን ሲዝን መጨረሻ ነው። «ዱምስዴይ» ይባላል፣ በቢቢሲ የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2006 ነው። ቶናው ሳይቀዳ አንዱ አለቀሰ። በረካው ላይ ክርክር ተነሳ፣ እኔም እስካሁን አልበረደልኝም፤ ሰው የሚሳሳትባቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።

«ሮዝ ሞተች እኮ።»

አልሞተችም። ግን አልፈርድባችሁም፤ ገና ሲጀምር ራሷ ናት «እንዴት እንደሞትኩ ላውራችሁ» ዓይነት ነገር የምትለው። ሞተች የተባለችው በእኛው ዓለም የሟቾች ዝርዝር ላይ ነው። እሷ ግን በሌላ፣ ትይዩ በሆነ ዓለም በሕይወት አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዶክተሩ ዳሌክና ሳይበርመን የሚባሉትን ጠላቶቹን በዓለሞች መካከል ወዳለው ባዶ ለመጣል፣ ወደዚያ የሚያስገባውን ስንጥቅ ይከፍታል። በዚያ ባዶ ያለፈ ሁሉ ተስቦ ይገባል። ችግሩ ሮዝም አልፋበታለች። ስንጥቁን የሚከፍተው ማንሻ ሲመለስባት ልታስተካክል ሄደች፣ እጇ ከዳት፣ ልትዋጥ ስትል የዚያኛው ዓለም አባቷ ብቅ ብሎ ቀለባትና ይዟት ጠፋ። ስንጥቁም ተዘጋ። እሷ ወዲያ ግድግዳውን ትደበድባለች፣ እሱ ወዲህ ተለጥፎበት ቆሟል።

ለእኔ ከሞት የባሰው ይሄ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ተለቅሶ ይወጣል። ደህና ሆኖ ለማታገኙት ሰው ግን ምን ይደረጋል? መርዶ የለው፣ ለቅሶ የለው።

«ዶክተሩ ጨካኝ ነው፤ እወድሃለሁ ስትለው ዝም አላት።»

ይሄኛው ነው ያናደደኝ። ሰውየው ለመሰናበት ብቻ አንድ ፀሐይ እያቃጠለ እኮ ነው! በቀረችው ቀዳዳ ምስሉን ልኮ ባሕር ዳርቻ ላይ ያናግራታል። ሊነካት አይችልም። ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ካርድ ሊያልቅ ሲል ስልክ ላይ የሚወራውን ወሬ አስቡት፤ ዋናውን ትታችሁ «እናትሽ ደህና ናት? ሥራ ያዝሽ?» ትላላችሁ፣ ዋናው ሲመጣ ካርዱ ያልቃል። እሱም እንደዚያው ሆነበት። ስሟን ጠራ፣ «ሮዝ ታይለር» አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ጨርሶት ቢሆን ኖሮ ማናችንም እስከ ዛሬ አንከራከርም ነበር።

«ከዚያ በኋላ አልተያዩም።» ተያይተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በአራተኛው ሲዝን። ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፣ እዩት።

«ሰውየው ስሙ ዶክተር ሁ ነው።» አይደለም፣ «ዶክተሩ» ነው የሚባለው። «ሁ» ማለት «ማን» ነው፤ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው።

«ቦታው ኖርዌይ ነው።» በታሪኩ አዎ፣ የክፉ ተኩላ ባሕረ ሰላጤ ይባላል። የተቀረጸው ግን ዌልስ ውስጥ፣ ሳውዘርንዳውን የሚባል ባሕር ዳርቻ ነው።

«እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ካላየሁት አይገባኝም» የምትሉ ደግሞ አብሽሩ። እርግጥ የጀመረው ያኔ ነው፤ በ1966 የመጀመሪያው ተዋናይ ሲወጣ ዶክተሩ አካሉን እንዲቀይር ተደረገ፣ ዕድሜውን ያረዘመለትም ይሄው ዘዴ ነው። ግን በ1989 ቆሞ፣ ለአንድ ፊልም ብቻ ብቅ ብሎ፣ በ2005 እንደገና ሲጀመር የመጀመሪያው ክፍል ርዕስ «ሮዝ» ነው። ሱቅ የምትሠራ የለንደን ልጅ ናት፣ ስለ ዶክተሩ ምንም አታውቅም፣ አብራችኋት ትማራላችሁ። ከዚያ ጀምሩ። እኔም ኮምቦልቻ ያለ የአጎቴ ልጅ ፍላሽ ሰጥቶኝ ከዚያ ነው የጀመርኩት፣ አንድም ነገር አልጎደለብኝም።

የመጨረሻው ስህተት የዚያ ያለቀሰው ጓደኛችን ነው። «ዓይኔን ያቃጠለኝ የዕጣኑ ጭስ ነው» እያለ ለሰው ያወራል። ወንድሜ፣ ያን ቀን ዕጣን አልቆብን ሳናጨስ ነው የጠጣነው።