«ፒክ» ምንድን ነው? ከምስር ሰፌድ የተነሳ ጥያቄ

ደሴ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የእህቴ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ይሠራል። ወደ አማርኛ መልስ የተባለው ዓረፍተ ነገር «ሺ ፒክድ ዘ ስቶንስ አውት ኦቭ ዘ ሌንትልስ» ይላል። ደብተሩ ጀርባ ላይ «ፒክ = መምረጥ» ብሎ የጻፈውን አየና «ከምስሩ ውስጥ ድንጋዮቹን መረጠች» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብሎ ሲያነበው እናቴ እጇን ከሰፌዱ ሳታነሳ «ውይ የኔ ጌታ፣ ድንጋይ መርጬ ወጥ ልሠራበት ነው?» አለችው።

ልጁ የተማረውን ነው የጻፈው። ቃልና ትርጉም በእኩል ምልክት እያጣመሩ መሸምደድ የኖረ ልማዳችን ነው፤ ፒክ፣ ቹዝ፣ ሰሌክት፣ ኢሌክት ተደርድረው ሁሉም «መምረጥ» ተብለው ይታለፋሉ። «ፒክ» ግን መጀመሪያ የጣት ሥራ ነው፤ ምርጫው የመጣው ኋላ ነው።

ቃሉ ድሮ በሾለ ነገር መውጋትን፣ መጎርጎርን ይናገር ነበር። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም የሚባለው «ፔክ» የዚሁ ዘመድ ነው። እኛ ከጣሊያን ወርሰን ስቴኪኒ የምንለው ቱዝፒክ ይባላል፤ ዶማም ፒክ ነው። አምባሰልን በክራር የሚጫወት ሰው ክሩን አንድ በአንድ በጣቱ ሲነካም ፒክ አደረገ ይባላል። ከዚያ ፍሬ መቅጠፍ ሆነ፤ ከብዙ መካከል ለይቶ መውሰድ የሚለው ትርጉም የመጣው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው።

ስለዚህ ለፒክ የቅርብ ዘመዱ «ለቀመ» ነው ባይ ነኝ። ዶሮ ትለቅማለች፣ ቡና ይለቀማል፣ ጥጥ ይለቀማል፤ እንግሊዝኛው ለሦስቱም ፒክ ወይም ታናሹ ፔክ ይበቃዋል። የሰፌዱን ነገር ደግሞ ልብ በሉት። እናቴ ጣቷ የሚያነሳው ድንጋዩን ነው፤ እኛ ግን «ምስር ለቀመች» እንላለን። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፦ «ፒክ ኦቨር» ካለ የሚበጠረው ምስሩ ነው፣ «ፒክ አውት» ካለ ከመሃል የሚወጣው ነገር ነው። የሚወጣው ጥሩ ይሁን መጥፎ ቃሉ ግድ የለውም። «መረጠ» ግን ግድ አለው፤ የመረጥነውን ወደንዋል። እናቴን ያሳቃትም ይኸው ነው።

ጭራ ሲቀጠልበት ቃሉ ይርቃል። «ፒክ አፕ» ማንሳት ነው፤ ዕቃም፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰውም፣ ስልክም ይነሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ ጭነት የምታመላልሰው ፒካፕ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ልጅ ከሰፈር ስድብ ለቅሞ ሲመጣም ፒክ አፕ ነው። «ፒክ ኦን» አንዱን ለይቶ መነካካት ነው፤ «ፒክ ኤ ፋይት» የሚሉትን የኛ ሰው «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ብሎ ጨርሶታል። «ኒትፒክ» ደግሞ ቃል በቃል ቅጫም መልቀም ሲሆን እንከን ለቃሚ ለምንለው ሰው ይሆናል። «ቼሪ ፒክ» የሚባለው ከማስረጃ የሚጥመውን ብቻ መውሰድ ነው፤ ይሄው ልጅ ካርዱን ሲያሳይ የሒሳቡን መስመር በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የእንግሊዝኛውን ብቻ እንደሚያስነብበን ማለት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰሌክትም ኢሌክትም የተወለዱት «ሌጌሬ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ትርጉሙ መልቀም፣ መሰብሰብ ነበር፤ ቆይቶ ማንበብም ሆነ፣ ዓይን ፊደል ይለቅማልና። የኛ ማተሚያ ቤቶችም የእርሳስ ፊደል በጣቱ እያነሳ የሚደረድረውን ሠራተኛ «ፊደል ለቃሚ» ይሉት ነበር። «ኤሌጋንት» የሚለው ቅጽልም ከዚያው ግሥ ቤት ነው፤ ስንተረጉመው ወግ ያለው፣ ያማረ እያልን እንደክማለን እንጂ «ልቅም ያለ» የሚለው በእጃችን ነበር።

ሰሌክት ከፒክ የሚለየው በጥንቃቄውና በመስፈርቱ ነው። የወሎ ገበሬ ማሽላው ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ እየዞረ ለዘር የሚሆነውን ራስ ሲለይ የሚሠራው ሰሌክሽን ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ስብስብ 9000 ያህል ዓይነት ፈትሸው ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር እጅግ የከበሩ ሁለት ማግኘታቸውን በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያሳውቁ፣ ሁለቱም መነሻቸው ወሎ ነበር። «ወተት በጉንጬ» የሚል ስም ያለው ማሽላ ያለበት አገር ነውና እምብዛም አልደነቀኝም።

ኢሌክት ለድምፅ መስጠት ነው፤ ምርጫ ቦርድ የሚያውቀው ምርጫ። ቹዝ ሰፊው ነው፤ ሥሩ ከመቅመስ ጋር ይዛመዳል። ለኛ ተማሪ ግን ቹዝ የጥያቄ ዓይነት ነው፦ «ፈተናው ቹዝ ነው» ሲባል ፊቱ ይፈካል። ፒክ የወሬ ቋንቋ ነው፤ «ፒክ ዋን» ማለት አንዱን አንሳ እንደማለት ነው፣ በደብዳቤ ግን ሰሌክት ወይም ቹዝ ይሻላል። «ፒኪ» የሚያማርጥ ሰው ነው፤ እያማረጠ ኖሮ ከምራጭ የሚወድቀው።

ልጁ «እማማ፣ እና ምን ልበል?» አላት። መልሷን ሳይጠብቅ ላጲሱን አንስቶ አጠፋና «ድንጋዮቹን ከምስሩ ለቅማ ጣለች» ብሎ ጻፈ። «ጣለች» የሚለውን ማንም አልነገረውም፤ «አውት ኦቭ» ግን እዚያች ቃል ውስጥ ቁጭ ብሏል። እናቴ ሰፌዱን ወደሱ ገፋችለት። «አብሽር፣ ገብቶሃል። በል አሁን አንተም ፒክ አድርግ።»