ተሙማ፦ የመምህራንና የርዕሳነ መምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በኢትዮጵያ

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በመምህራን አጠራር «ተሙማ»፣ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ከሥራቸው ሳይለዩ ዕውቀታቸውንና የማስተማር ክህሎታቸውን የሚያሳድጉበት አገር አቀፍ አሠራር ነው። እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል ይጠበቅበታል። ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ጎራ ያለ ሰው፣ የየመምህሩ ስም ተለጥፎባቸው መደርደሪያ ላይ የቆሙ፣ የተሙማ ወረቀት የሚሰበሰብባቸው ክላሰሮችን ማየቱ አይቀርም። ተሙማ ሲባል ለብዙ መምህር ቀድሞ የሚታወሰው ይኸው ክላሰር ነው። የአሠራሩ ትልቁ ችግርም ከዚሁ ይጀምራል።

ሐሳቡ ከስሙ ይቀድማል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመምህራን ሥልጠና ሲጀመር ዋናው ጉዳይ መምህር ማፍራት ነበር። ትምህርት ቤቶች ከሠለጠነው ሰው ቁጥር በላይ ሲበዙ ግን በአጭር ሥልጠና ክፍል የገባውን መምህር በሥራ ላይ ማስተማር ግድ ሆነ፤ የክረምት ኮርስም የመምህርነት ሕይወት አንዱ ወቅት ሆኖ ቀረ። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት ደግሞ መምህሩ በእጁ ባለው ነገር የማስተማሪያ መሣሪያ እንዲሠራ አስተማሩት። ከቆርኪ የተሠራ መቁጠሪያ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሣለ ካርታ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ፊደል ዛሬም ድረስ በየትምህርት ቤቱ አቧራ ጠግበው ይገኛሉ። በእኔ ግምት ያ ዘመን ከነጉድለቱ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ሥልጠናው ሲያበቃ በመምህሩ እጅ ክፍል ይዞት የሚገባው ነገር ይቀር ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን በር ወለል አድርጎ ሲከፍት የተማሪው ቁጥር አሻቀበ፤ የመምህሩ ዝግጅት ግን እኩል አልሄደም። በ1995 ዓ.ም. ግድም የመጣው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ተሃድሶ መምህሩ ከማስጻፍና ከማስሸምደድ ወጥቶ ተማሪውን ወደሚያሳትፍ ዘዴ እንዲሻገር ጠየቀ። አሠልጣኞቹም ራሳቸው ይሠልጥኑ ተብሎ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተጀመረ። የተሙማ መመሪያ የወጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ አሁን የሚታወቀውን ቅርጽ ያስያዘው የተሻሻለው ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. መጣ። አሠራሩ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም አንድ አካል ሆኖ ነበር የተስፋፋው። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የነበረው የትምህርት ቤት ማሻሻያም አራት ዓበይት ርዕሶች ነበሩት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ።

በወረቀት ላይ ያለው ተሙማ ዑደት ነው። መምህራኑ በዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስበው የጎደላቸውን ይለያሉ፤ ከተለየው ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠውን መርጠው ያቅዳሉ፤ ይተገብራሉ፤ በመጨረሻም ምን እንደተለወጠ ይገመግማሉ። አንዳንዱ ቅድሚያ ከትምህርት ሚኒስቴር፣ አንዳንዱ ከክልል ወይም ከወረዳ ይወርዳል፤ ቀሪው የትምህርት ቤቱ ነው። ተግባሩ ብዙ ዓይነት መልክ አለው፤ የባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየት፣ በጋራ ዕቅድ ማውጣት፣ በራስ ክፍል የሚታይን ችግር የሚያጠና ተግባራዊ ምርምር መሥራት፣ በትምህርት ክፍል መወያየት። ለአዲስ ተቀጣሪ ደግሞ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለ፤ አማካሪ መምህር ይመደብለታል፣ የተዘጋጁለትን የሥልጠና ሞጁሎች እየሠራ በየጊዜው ይገመገማል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የ2ኛ ክፍል የንባብ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ልጆቹ ምንባቡን በአንድ ድምፅ ያነበንባሉ፤ መምህርቷም ንባብ ገብቷቸዋል ብላ ታምናለች። ከኋላ የተቀመጠች ባልደረባዋ ግን አንዱ ልጅ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ሳይሳሳት «ሲያነብ» ታየዋለች። ልጁ ምንባቡን ሸምድዶታል፤ ፊደሉን አልለየም። ሁለቱ መምህራን በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዘው ይህንኑ ቢነጋገሩ፣ በማግሥቱም ቃላቱን ከምንባቡ አውጥተው በካርድ ላይ ለየብቻ ቢያስነብቡ፣ ተሙማ ማለት ይኼ ነው። ሰዓቱ ምናልባት 40 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ያየችው ነገር ግን ለአንድ ዓመት ዕቅድ ይበቃል።

በብዙ ቦታ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የክፍል ምልከታው ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። መምህሩ የዕለቱን ዓላማ በሰሌዳው ጥግ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ በቡድን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እጅ የሚያወጡትም የተነገራቸው ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ በቅጹ ላይ ምልክት እያደረገ ይጨርሳል። የጉድለት ልየታውም ቢሆን ካለፈው ዓመት ክላሰር ላይ ቀኑ ተቀይሮ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። በማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም በዚያው ክላሰር፣ የሚሰበሰበው ወረቀት በደረጃ ዕድገትም ሆነ በሙያ ፈቃድ ምዘና ይታያል፤ መምህሩ ከጀማሪነት ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር በሚወጣበት መሰላል ላይ ወረቀቱ ደመወዝ ነው። ደመወዝ የሚያስገኝ ወረቀት ደግሞ ምንጊዜም ሞልቶ ይቀርባል።

ትምህርት ቤቶችን እርስ በርስ ለማስተሳሰር የተዘረጋው ጉድኝት ይባላል። አንዱ ትምህርት ቤት ማዕከል ሆኖ በዙሪያው ያሉት ይሰባሰቡበታል፤ ለጉድኝቱ የተመደበው ሱፐርቫይዘር በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ይደግፋል። ከተማ ላይ ይህ ቀላል ነው። ገጠር ላይ ሱፐርቫይዘሩ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዛል፤ ስለዚህ የሚመጣው ዘግይቶ፣ የሚሄደውም ፈጥኖ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚጠራ የጉድኝት ስብሰባ የውሎ አበል ጥያቄ ከተነሣበት አጀንዳው እሱ ብቻ ሆኖ ይመሻል።

ለትምህርት አመራሩ የሚሰጠው ትኩረት ዘግይቶ የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ርዕሰ መምህር የሚሆነው ጥሩ ያስተማረ ወይም በወረዳው የታመነ ሰው ነበር፤ ጠመኔውን ባስቀመጠ ማግሥት በጀት፣ ግዢና የሰው ኃይል ይረከባል። በኋላ ላይ በዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጥ የትምህርት ቤት አመራር ድህረ ምረቃ ዲፕሎማ ተጀመረ። ትምህርቱ ርዕሰ መምህሩን የመማር ማስተማር መሪ ያደርገዋል፤ ቢሮው ግን መልሶ ጸሐፊ ያደርገዋል። ጠዋት የተሰባበረ ወንበር ይቆጥራል፣ ረፋድ ላይ ወረዳ ለስብሰባ ይጠራል፣ ከሰዓት የግቢውን አጥር የገፋ ጎረቤት ያነጋግራል። ክፍል ገብቶ ትምህርት የሚያይበት ሰዓት ከተረፈ ነው፤ ክፍል የማይገባ ርዕሰ መምህር ባለበት ደግሞ ክላሰሩን ገልጦ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የአቅጣጫ ለውጥ አስከትሏል። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጠበቀ ቁጥጥር በተሰጠው ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ። ጥያቄው ከማስተማር ዘዴ አልፎ መምህሩ የሚያስተምረውን ትምህርት ራሱን ምን ያህል ያውቀዋል ወደሚለው ዞረ። በ2016 ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንና የትምህርት አመራሮች በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው በሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነትና በማስተማር ሥነ ዘዴ ሠለጠኑ፤ መጨረሻ ላይም ተፈተኑ። የ20 ዓመት አገልግሎት ያለው የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹ በሚተኙበት ዓይነት ተደራራቢ አልጋ ላይ አድሮ፣ ጠዋት ደብተሩን ይዞ በረድፍ ተቀመጠ። ብዙዎች በፈተናው አጉረምርመዋል። አንዳንዶቹ ግን ለዓመታት እየዘለሉት ያለፉትን ምዕራፍ እዚያ እንደተማሩት በግልጽ ይናገራሉ፤ በመስከረም ሲመለሱም ያንን ምዕራፍ ጨምረው ማስተማር ጀምረዋል።